ዝም ያሰኙት ኮምፒውተር

ኃላፊያችን የሚፈልገኝ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር። ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ጂንካ ሲገቡ ወደ ክፍላችን ይዟቸው ይመጣል፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ይጭንና «ይህቺ ደግሞ ማየት የተሳናት ባለሙያችን ናት፤ አካታችነት ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው» ይላል። ጎብኚዎቹ ያደንቃሉ፣ አንዱ ፎቶ ያነሳኛል፣ ከዚያ ይሄዳሉ። እጁ ከላዬ ሲነሳ ትከሻዬን እንደ አቧራ አራግፈዋለሁ። እንደሚያየኝ አውቅ ነበር። እንዲያይ ነው የማደርገው።

መሥሪያ ቤቱ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን አቤቱታ መቀበል፣ መመዝገብ፣ መልስ ሲገኝም ለባለጉዳዩ ማሳወቅ ነበር። የገዘር ልጅ ነኝ፣ የአሪ ገበሬ ልጅ። የተወለድኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲሆን እስከ አምስተኛ ክፍል በዓይኔ ነው የተማርኩት። በአሥራ አንድ ዓመቴ ኩፍኝ ጣለኝ። ከኩፍኙ ተነሳሁ፤ ዓይኔ ግን አልተነሳም። ከዚያ በኋላ ያለው ሩቅ አገር፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ብሬል፣ ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲግሪ ይዤ ጂንካ ስመለስ የተሰጠኝ ወንበር ብቻ ነበር። ወራት ሙሉ ያለ ሥራ ተቀመጥኩበት። የክፍሉ ሰዎች አቤቱታ ሲመጣ በላዬ ላይ አሳልፈው ይቀባበላሉ፤ ወረቀቱ ፊቴ አጠገብ ሲያልፍ ነፋሱ ይሰማኛል።

ኮምፒውተሩን ያገኘሁት ሌላ ከተማ ለሥልጠና በሄድኩበት ነው። አሠልጣኙ እንደኔው ማየት የተሳነው ሰው ነበር፤ ቁጡ፣ ቀልድ የማያውቅ። አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ሊኑክስ የሚባል፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሥርዓት ጫነና ሰጠኝ። በውስጡ ስክሪን ሪደር የሚሉት፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነበረበት።

«ሊኑክስ ነጻ ነው፤ በነጻ ስለሆነ ግን ቢበላሽ የሚደርስልሽ የለም» አለኝ። «ጂንካ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አታገኚም። ድምፁ ከጠፋ ራስሽ ትመልሺዋለሽ።»

ከዚያም ድምፁን አጥፍቶ «ክፈቺው» ይለኛል። በዝምታ ትእዛዝ እንድጽፍ፣ የጻፍኩትን በጭንቅላቴ እንድይዝ፣ ስሳሳት እንደገና ከመጀመሪያው እንድነሳ ያደርገኛል። ስንት ጊዜ እንደረገምኩት አላውቅም።

ማሽኑ ጂንካ ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሥራዬን ያዝኩ። ድምፁ በቆርቆሮ ውስጥ የሚያወራ ሰው ይመስላል። አማርኛ ሲያነብ ማጥበቅና ማላላት አያውቅም፤ «ገና»ን እንደ በዓሉም እንደ «ገና አልመጣም»ም አንድ አድርጎ ይለዋል። እኔ ለመድኩት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ግን አልለመዱትም። «ኢር ፎን አድርጊ» ይሉኛል። ኢር ፎን ካደረግኩ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን በጣቱ እንዳሳየኝ አልሰማም። ስለዚህ አላደረግኩም።

አንድ ሐሙስ የአይቲ ባለሙያችን ፍላሽ ይዞልኝ መጣ። «ኃላፊው የሰጠኝ ነው፤ የወረዳዎች የአቤቱታ ዝርዝር አለበት፤ ወደ ማሽንሽ ገልብጪው» ብሎኝ ሄደ። ፍላሹን ሰካሁ። ከዝርዝሩ ቀጥሎ ሌላ ፋይል ነበር። እጄ ቀደመና እሱን ከፈትኩት፤ ማሽኑም ማንበብ ጀመረ።

«ጉዳዩ፦ የሥራ መደቡ ሥራውን በአግባቡ መሥራት በሚችል ባለሙያ እንዲተካ ስለመጠየቅ።»

ክፍሉ ውስጥ ወረቀት የሚያገላብጠው እጅ ሁሉ ቆመ። ማሽኑ ቀጠለ። ባለሙያዋ «ባለባት የጤና ችግር ምክንያት» ሥራው እየተጓተተ ነው ይላል። የጤና ችግር! በዚያ ዓመት ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። ሥራው ሲጓተት የነበረው እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው፤ ሣጥን ሙሉ ያልተመዘገበ አቤቱታ ነው የተቀበለኝ። ማቆም እችል ነበር፤ አንድ ቁልፍ ነው። እኔ ግን ድምፁን ጨመርኩት። በሩ ክፍት ነበር፣ የኃላፊው ቢሮ ደግሞ ከኮሪደሩ ማዶ ነው። ማሽኑ ደብዳቤውን እስከ ፊርማው አነበበው፤ የኃላፊውን ሙሉ ስም በቆርቆሮ ድምፁ ጠራ።

ጫማው ሲመጣ ሰማሁት። በሩ ላይ ቆመ።

«ይሄን ነገር ኢር ፎን አድርጊበት ተብለሻል» አለ።

«አላደርግም» አልኩት።

«የመሥሪያ ቤት ምስጢር በአደባባይ እየተነበበ ነው እኮ!»

«ምስጢሩ የእኔ ነው፤ እኔ ካነበብኩት ምን አለበት?»

ዞሮ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን አበራሁት። ፋኑ ሲዞር ሰማሁ፣ በጎኑ የሚወጣው ሞቅ ያለ አየር እጄን ነካኝ። እንደ ወትሮው ፓስወርድ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። ጸጥ። ፓስወርዴን በግምት አስገባሁ። ጸጥ። አጥፍቼ አበራሁት። ኢር ፎን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰካሁ፤ በእሱም ጸጥ። የአይቲ ባለሙያውን አስጠራሁት። መጥቶ ኪቦርዱን ለአፍታ ነካ ነካ አደረገና «ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። «ሊኑክስ እኮ ችግሩ ይኸው ነው። ፎርማት ላድርገውና ዊንዶውስ ልጫንልሽ?»

«ዊንዶውስ ስትጭን የተቃጠለ ካርድ ይድናል?»

«በቃ የግዥ ጥያቄ ጻፊ» ብሎ ወጣ። በምን እንደምጽፍ አልነገረኝም። የክፍሉ ሰው እንዲጽፍልኝ ለመንኩ። ጥያቄው ተጽፎ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ገባ፣ እዚያው ተኛ።

ሁለት ሳምንት። ወደዚያው ወንበር፣ ወደዚያው ባዶ እጅ ተመለስኩ። ከጠረጴዛ ጎረቤቶቼ አንዷ «ተመስገን፣ ጆሯችን አረፈ» ስትል ሰማኋት፤ እንድሰማ ነው ያለችው። ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፍ ይቆምና በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ «ሥራ ከሌለሽ እኮ ቤትሽ ማረፍ ትችያለሽ፤ ማንም አይናገርሽም» ይለኛል። ቤቴ ባርፍ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በየጠዋቱ ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ፣ የሞተውን ኪቦርድ ፊቴ አድርጌ እስከ መውጫ ሰዓት እቀመጣለሁ። ሰውን እንደዚያ ሰሞን ጠልቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከአርቦሬ አንድ ሽማግሌ ከአስተርጓሚ ጋር መጡ። መንደራቸው ያለው የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ቀደም ሲል አቤት ብለው ነበር። ያኔ ቃላቸውን የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ሳይቀር ጽፌዋለሁ፤ ጽሑፉ ያለው ግን ማሽኑ ውስጥ ነው። ከፊሉን መንገድ በእግር፣ ከፊሉን በጭነት መኪና መጥተው ከፊቴ ተቀመጡ። ልብሳቸው የከብትና የአቧራ ጠረን አለው።

«ቃሌን የሰጠሁት ለአንቺ ነው። የት አደረስሽው?» አሉ በአስተርጓሚው በኩል።

«እዚሁ ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ግን ዝም ብሎብኝ ላወጣው አልቻልኩም» አልኩ።

ሽማግሌው ተናገሩ፤ አስተርጓሚው ለመተርጎም አመነታ። «ንገረኝ እንጂ» አልኩት።

«‹ውሃዬ ፓምፑ ውስጥ አለ፤ አይወጣም። ቃሌም ማሽኑ ውስጥ አለ፤ አይወጣም። እናንተ ጋ ያለ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው ወይ?› ነው የሚሉሽ።»

መልስ ሳልሰጥ ኃላፊው ከበሩ ላይ ቀደመኝ። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ልጅቷ ስለማታይ ነው። በቅርቡ ሌላ ሰው እንመድባለን።» አስተርጓሚው ተረጎመው። «ስለማታይ ነው» የሚለውን ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። የምሳ ሰዓት ደረሰና ሁሉም ወጣ። ሽማግሌውም ግቢው በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ሊያርፉ ሄዱ።

እኔ አልወጣሁም። በሩ ተከፈተና የመወልወያ ባልዲ ወለሉ ላይ ቆመ። የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው። ከጎፋ በኩል የመጡ፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። በአማርኛቸው «አንተ»ና «አንቺ» ስለማይለያዩ እኔን ሁልጊዜ «አንተ» ነው የሚሉኝ። ማሽኔን አይወዱትም፤ ሰው ሳይኖር የሚናገር ነገር ደግ አይደለም ባይ ናቸው።

«እትዬ፣ ዓይንዎን ለጥቂት ጊዜ ያውሱኝ» አልኳቸው።

«ሥራ አለብኝ። ይሄ ሁሉ ክፍል ይጠብቀኛል። አንተ ለምን ምሳ አልበላም?»

«አንድ ነገር ብቻ ይዩልኝ።»

አጉረመረሙ፤ ግን ባልዲውን ሲገፉትና ሲጠጉኝ ሰማሁ። ካፕስ ሎክ የሚባለውን ቁልፍ ተጫንኩና «ኪቦርዱ ላይ መብራት በራ?» አልኩ።

«በራ።» ደግሜ ተጫንኩ። «ጠፋ» አሉ። ስለዚህ ማሽኑ ይሰማኛል። ፓስወርዴን አስገብቼ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት ከፈትኩ፤ ጥቁር ሆነ አሉኝ። የድምፅ መሞከሪያውን ትእዛዝ ጽፌ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ። የትንኝ ያህል እንኳ ድምፅ የለም። ስለዚህ የሞተው አንባቢው ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ ድምፅ የሚባለው ነገር ሁሉ ነው። ሙከራውን አቆምኩ። ቀጥሎ ማሽኑ ያሉትን ሳውንድ ካርዶች እንዲዘረዝር አዘዝኩት። ካርዱ ተቃጥሎ ከሆነ አንድ መስመር ብቻ ጽፎ ያቆማል፤ «የለም» ብሎ።

«ስንት መስመር ጻፈ?»

በጣታቸው ስክሪኑን እየነኩ ቆጠሩ። «አራት… አምስት… ስድስት ነው። ብዙ ነው።»

ካርዱ አልተቃጠለም። ባለሙያ ነኝ ያለው ሰው ወይ አላወቀም ወይ ዋሽቶኛል። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ከፈትኩ፣ ካርዱን ከዝርዝሩ መረጥኩ። አሠልጣኙ እንዳስጠናኝ፣ እዚያ ላይ ለየድምፁ አንድ አንድ ምሰሶ ይቆማል፤ ከእያንዳንዱ ምሰሶ ሥር ደግሞ ሁለት ምልክት አለ። ክፍት ከሆነ ሁለት ዜሮ ነው፤ ከተዘጋ በእንግሊዝኛ ሁለት «ኤም»። እትዬ እንግሊዝኛ አይችሉም። ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው ነው፣ በጸሎት ቤት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ።

«ከመጀመሪያው ምሰሶ ሥር ምን አለ?»

«‹ዐ› ነው። ዐይኑ ‹ዐ›። ሁለት።»

«ከሁለተኛውስ?»

«እሱ ሌላ ነው። ‹ጠ› ይመስላል… ‹ጠ› አይደለም ግን። መሃሉ ወደ ታች ተሰብሯል።»

«እሱም ሁለት ነው?»

«ሁለት። ሦስተኛውም እንደሱ ነው።»

የመጀመሪያው ዋናው ድምፅ ነው። ሁለተኛው ኢር ፎኑ፣ ሦስተኛው ስፒከሩ። ሁለቱም ተዘግተዋል። ወደ ሁለተኛው ሄድኩና የመክፈቻውን ቁልፍ ተጫንኩ። «ያ የተሰበረ ‹ጠ› ሄደ፤ ‹ዐ› ሆነ!» አሉ፤ አሁን አያጉረመርሙም። ወደ ሦስተኛው ሄድኩ፣ ተጫንኩ።

ማሽኑ ቃል ከመሃል ጀምሮ ጮኸ። ያን ሐሙስ የጨመርኩት ድምፅ እዚያው ላይ ነበር። እትዬ «ኢየሱስ!» ብለው ዘለሉ፣ ባልዲው ተገለበጠ፣ ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገባ። እኔ ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። እትዬ እያጉረመረሙ ውሃውን ይጠርጉ ጀመር። «ለዚህ ጩኸት ነው ያስቆምከኝ?» አሉኝ።

ስፒከር በራሱ አይዘጋም። ያውም ከኢር ፎን ጋር፣ ያውም ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ እንኳ እንደተዘጋ የሚቆይ። መስኮቱ ውስጥ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ሲጫኑ ማሽኑ ቀደም ሲል የተጻፉትን ትእዛዞች ከኋላ ወደፊት አንድ በአንድ ያመጣል። ተጫንኩ። የመቆጣጠሪያው፤ የእኔ ነው። ዝርዝሩ፤ የእኔ ነው። ሙከራው፤ የእኔ ነው። አራተኛ ጊዜ ተጫንኩ። ማሽኑ ያነበበው ትእዛዝ የእኔ አልነበረም፤ «የድምፁ ሁኔታ አሁን ባለበት ይቀመጥ» የሚል ነው። ከእሱ በፊት ያለው ስፒከሩን ይዘጋል። ከእሱ በፊት ያለው ኢር ፎኑን ይዘጋል። ሦስቱንም ማሽኑ ያለ ስሜት አነበባቸው። ፓስወርዴን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ኔትወርክ ሲያስገባልኝ የሰጠሁት።

መጀመሪያ ግን ዘንጌን ይዤ ወደ ግቢው በር ሄድኩ። አስተርጓሚውን ጠርቼ ሽማግሌውን አስገባኋቸው። ቃላቸውን ማሽኑ አነበበ፣ አስተርጓሚው ተረጎመ፤ ሽማግሌው «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» አሉ። ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤውን እዚያው ጻፍኩ።

የአይቲ ባለሙያው ከምሳ ሲመለስ ማሽኑ ሲናገር ሰምቶ በሩ ላይ ቀጥ አለ።

«ና፣ አንድ ነገር ስማ» አልኩት። ቀስቱን ተጫንኩ። ማሽኑ ሦስቱን መስመር አነበበለት።

«ታዝዤ ነው» አለ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ‹ተቃጥሏል› ስትለኝም ታዝዘህ ነው?»

«የእንጀራ ጉዳይ ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«የእኔስ እንጀራ?»

ትቼው ኮሪደሩን ተሻገርኩ። ኃላፊው ግቢ እስኪለኝ አልጠበቅኩም።

«ማሽኔን ማን እንዳስዘጋው አውቄያለሁ» አልኩት።

አልካደም። ሰው የሚክደው ሲፈራ ነው፤ እሱ እኔን አይፈራም። ወረቀቱን እያገላበጠ «ኢር ፎን አድርጊ አልንሽ፣ እምቢ አልሽ። ለሥራው ጸጥታ ሲባል የተወሰደ እርምጃ ነው» አለ።

«ኢር ፎኑንም እኮ አስዘግተውታል።»

ወረቀት ማገላበጡ ቆመ። ከዚያ «ውጪልኝ» አለ።

ወጣሁ፤ ግን በዚያው ሳምንት በራሱ ላይ አቤቱታ ጻፍኩ። እኔው ጻፍኩት፣ እኔው ተቀበልኩት፣ እኔው ከአርቦሬው አቤቱታ ቀጥሎ መዘገብኩት። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ «በመግባባት ፍቱት» አለን። የጸሎት ቤታችን አገልጋይ ወሬው ደርሷቸው «ይቅር በዪው፣ ልጄ» አሉኝ። «ይጠይቀኝና አየዋለሁ» አልኳቸው። አልጠየቀኝም። ከዓመት በኋላ በእድገት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ መሸኛ ግብዣ ተደረገለት፤ አልሄድኩም። እኔን ለማስነሳት የጻፈው ደብዳቤ ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ እኔም እስከ ዛሬ እዚያው ወንበር ላይ ነኝ።

ፓስወርዴን ያን ዕለት ቀየርኩ። የአይቲ ባለሙያው ማሽኔን ዳግመኛ አልነካም፤ ኋላ ሥራውን ለቆ ከተማ ውስጥ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈተ። ከክፍሉ ሰዎች ሁለቱ ጩኸቱን አንችልም ብለው ሌላ ክፍል ጠየቁ፣ ተሰጣቸው። ቦታው ሰፋልኝ። የአርቦሬው ፓምፕ ተሠራ ሲሉ ሰማሁ፤ ቆይቼ ደግሞ ተመልሶ ተበላሸ ሲሉ ሰማሁ። እትዬ ምስጋናዬን አልተቀበሉም። «ባልዲዬን ነው ያስደፋኸኝ» ይሉኛል እስከ ዛሬ።

ባለፈው ክረምት፣ ገዘር ቤተሰቤ ጋ ልሄድ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። ዝናብ አባርቶ ጭቃው ይሸታል፤ ረዳቱ «ገዘር! ገዘር! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ማነኝ? ለየሽኝ?» አለ በሳቅ።

ከመጀመሪያው ቃል ለይቼዋለሁ። ትንሽ አርጅቷል፤ ሲተነፍስ ያፏጫል።

«አላወቅኩዎትም» አልኩት።

«ኧረ ተይ! አሁን እኔ እጠፋሻለሁ? የድሮ ኃላፊሽ ነኝ እኮ!»

«ኃላፊዎቼ ብዙ ነበሩ» አልኩና እጁን በሁለት ጣቴ ይዤ ከትከሻዬ ላይ አነሳሁት። ዘንጌን አጥፌ ወደ ሚኒባሱ ወጣሁ። የቀረችው ቦታ በመስኮቱ በኩል ነበረች፤ ተቀመጥኩ። ከውጭ «እንዲህ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት፤ ለማን እንደሚናገር አላውቅም። ረዳቱ በሩን ዘጋው፣ መኪናው ጭቃውን እየረገጠ ተነሳ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ማነው ሰውየው?» አለችኝ። «መንገደኛ ነው» አልኳት።